ስለ ሮኬት መውጣትና መመለስ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ በሆሞሻ በኩል ሲያልፍ ግራና ቀኙን የሚያጅበው ሽመል ነው። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ከደጋው ወንድሙም የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በአዊና በሲዳማ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሆኖ በየአንጓው ብቻ የተደፈነ ነው፤ የሆሞሻው ሽመል ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የሞላና ጠጣር ነው። የአገሩ ሰው ለቤቱ ግድግዳ፣ ለአጥሩ፣ ለአልጋውና ለጐተራው ይቈርጠዋል፤ ክረምት ሲገባም ለጋ ቡቃያውን ቀቅሎ ይመገበዋል። ሽማግሌው የሚደገፍበት በትርም ከዚሁ ይወጣል።

ይህን ሽመል አይቶ ሮኬትን የሚያስብ መንገደኛ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ሮኬት የሚባለው ነገር በሕፃንነቱ ዘመን ከቀርከሃ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በቻይና ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ባሩድን በጠባብ ቀፎ ጠቅጥቀው፣ ቀፎውን በፍላጻ ላይ አስረው ይለኩሱት ነበር። ክፍቱ ቀርከሃ እሳቱን የሚይዝ ቀፎ፣ ቀጭኑ ቀርከሃ ደግሞ መንገዱን የሚያስይዝ ጅራት ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ ወደ ጨረቃ የሚላከው ታላቁ ሮኬትም ሆነ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ሠርቶ በሜዳ ላይ የሚያስወነጭፈው ታናሹ፣ ሁለቱም የዚያ ፍላጻ ልጆች ናቸው።

የሥራው ምሥጢር ለማስተዋል አስቸጋሪ አይደለም። ነዳጁ በቀፎው ውስጥ ሲነድ ብዙ ትኵስ ጋዝ ይወለዳል፤ ጋዙም በታች ባለችው ጠባብ ቀዳዳ በታላቅ ፍጥነት ይወጣል። ጋዙ ወደ ታች በተገፋበት መጠን ቀፎው ወደ ላይ ይገፋል። በጣና ሐይቅ ላይ ከታንኳ ወደ ዳር የዘለለ ሰው፣ እርሱ ወደ ፊት ሲሄድ ታንኳይቱ ወደ ኋላ ስትሸሽ አይቷልና ይህን ሕግ ሳይማር ያውቀዋል። ሮኬት የሚገፋው አየሩን ሳይሆን ከራሱ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ስለሆነ፣ አየር በሌለበት በጠፈር ውስጥም መሄድ ይችላል።

መገፋት ብቻውን ግን መንገድ አያስይዝም። ጦር ወርዋሪ ብረቱን ከፊት፣ ዘንጉን ከኋላ ያደርጋል፤ ክብደቱ ከፊት ሆኖ ነፋስ የሚይዘው ክፍል ከኋላ ካልሆነ ጦሩ በአየር ላይ ይገላበጣልና። ሮኬትም እንዲሁ ነው። የክብደቱ ማእከል ከፊት፣ የነፋስ ግፊት ማእከል ከኋላ መሆን አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም ቢያንስ የአካሉን ውፍረት ያህል እንዲሆን ሠሪዎች ይደነግጋሉ። የጥንቱ የቀርከሃ ጅራት አገልግሎቱ ይህ ነበር፤ በዘመናችን ሥራውን የወረሱት በስተኋላ የሚተከሉት ክንፎች ናቸው።

ይህ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ አስደሳች አይደለም። በህንድ አገር የማይሶር ገዢዎች ሐይደር ዓሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን የባሩዱን ቀፎ ከብረት አሠርተው፣ በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ላይ አስረው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 በፖሊሉር ጦርነት የእንግሊዝን ጭፍራ አስጨንቀውበታል። እንግሊዞችም በ1799 ቲፑን ድል ከነሡ በኋላ የማረኩትን ሮኬት ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለውም ሰው እርሱን መርምሮ የራሱን አወጣ፤ በ1807 የኮፐንሃገን ከተማ በዚሁ እሳት ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሲያልፍ፣ ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ ያነሣው ሠራዊት በዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲወጣ የባሕር ኃይሉ የሮኬት ጭፍራ አብሮት ነበር። ከህንድ የተማሩት መሣሪያ በህንድ በኩል ዞሮ ወደ ኢትዮጵያ ተራራ ደረሰ ማለት ነው።

ቀኑም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር፤ ያውም የስቅለት ዕለት። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈላ ላይ ሆነው ሲመለከቱ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጭፍራውን ይዞ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ሮኬቱ እያፏጨ ጭስ እየጐተተ በሚወርደው ሰው መካከል ገባ፤ ከዚያም አዲሱ ጠመንጃ ተከተለ። ገብርዬ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር ወደ 700 የሚገመት ሰው ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ያሠሩት፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውና በብዙ ድካም ተራራ ለተራራ የተጐተተው ሴባስቶፖል መድፍ በዚያ ቀን ሊያድናቸው አልቻለም። በሦስተኛውም ቀን እርሳቸው ራሳቸው አለፉ።

ከአሮጌው ሮኬት አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ያን ሮኬት የላከው ሰው እንዲመለስለት አልፈለገም፤ የት እንደሚወርድ እንኳ በትክክል አያውቅም ነበር። ከፊቱ ባለው ሕዝብ መካከል መውደቁ ብቻ በቂው ነበር። ይህም ማለት ሥራው በመውጣቱ አለቀ፤ መውረዱ የሌላው ሰው መከራ ሆነ።

ሮኬት በሌላ ዓይነት ሰው እጅ የገባው ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው። ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ በልጅነቱ በሕመም ጆሮው የደከመ፣ በትንሽ ከተማ የሚያስተምር ሰው ሲሆን፣ በ1903 ሮኬት ወደ ጠፈር ሊደርስ እንደሚችል በሒሳብ አስረድቶ አሳተመ። ሮበርት ጎዳርድ የተባለው አሜሪካዊም በ1926 በዘመዱ እርሻ ላይ በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክሲጅን የሚነድ የመጀመሪያውን ሮኬት አስወነጨፈ። በረራው ሁለት ሰከንድ ተኩል ብቻ ነበር፤ 12 ሜትር ያህል ወጥቶ፣ 56 ሜትር ርቆ፣ በጐመን ተክል ላይ ወደቀ። ያየው ሰው ጥቂት ነበር፤ የልጅ ጨዋታ ነው ቢባልም አይደንቅም ነበር።

ከዚያም በኋላ ይህን ሥራ ስለ ዕውቀት ፍቅር ብቻ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት የሚሠሩ ሰዎች በዙ። በአሜሪካ በ1957 ብሔራዊው የሮኬት ማኅበር፣ በ1964 ደግሞ በፔንሲልቫኒያ የትሪፖሊ ሮኬት ማኅበር ተመሠረቱ። እነዚህ ማኅበራት ሞተሩን በፊደል ከፍለውታል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከበፊተኛው እጥፍ ኃይል አለው። ኤ የሚባለው ታናሹ ከ2.5 ኒውተን ሰከንድ አያልፍም፤ ኤም የሚባለው ግን እስከ 10,240 ይደርሳል። ከኤች ጀምሮ ያለው ከፍተኛ ኃይል ተብሎ ስለሚቈጠር ማንም እንደ ወደደ አይገዛውም። ሠሪው 18 ዓመት የሞላው ሊሆን፣ በሦስት ደረጃም ሊፈተን ይገባዋል፤ ሁለተኛውን ደረጃ የሚሻ የጽሑፍ ፈተናም አለበት። ነዳጁም በጓዳ የተቀመመ ባሩድ አይደለም፤ አሞኒየም ፐርክሎሬትና የአሉሚኒየም ዱቄት ከጐማ ጋር ተዋሕደው በፋብሪካ የተሠራ ጠጣር ነገር ነው።

የሠሪው ድካም ከበረራው በፊት ወራት ይፈጃል። ቀፎውን ከወፍራም ካርቶን ወይም ከፋይበርግላስ ይቈርጣል፤ ሾጣጣውን ራስ ይገጥማል፤ ክንፎቹን በእኩል ማዕዘን ለክቶ በጠንካራ ማጣበቂያ ይተክላል። አንዱ ክንፍ በጥቂቱ ቢዘም በፍጥነቱ ምክንያት ነፋሱ ይነቅለዋልና፣ ሲያሻና ሲያስተካክል ሌሊቱን ያሳልፋል። በመጨረሻም ሞተሩን ጨምሮ በአንድ ገመድ ላይ ሚዛኑን ይፈልጋል፤ ሚዛኑ ከፊት ካልሆነ ከራሱ ላይ ክብደት ይጨምራል።

በቀኑ ሠሪው ለብቻው አይፈርድም። ለደኅንነት የተሾመ ሌላ ሰው ሮኬቱን ይመረምራል፤ ክንፉን ነቅንቆ፣ ማሰሪያውን ስቦ፣ ጥላውን ጠይቆ፣ ካልወደደው ይመልሰዋል። ግፊቱ ከሮኬቱ ክብደት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ቢበልጥ በረራው ይቀራል፤ ኤም ሞተር በተለኰሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ ይቆማል። ሮኬቱም በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ ተደግፎ፣ በሩቅ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይለኰሳል። ቍጥሩ ወደ ኋላ ተቈጥሮ ሲያልቅ ጭሱ ይታያል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ተመልካቹ ራሱን ቀና ሲያደርግ ሮኬቱ ነጥብ ሆኗል። ሞተሩ የሚነደው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ እሳት የሌለበት፣ በተገኘው ፍጥነት ብቻ የሚሄድ ዝምታ ነው።

ያላወቀ ሰው ሥራው በዚህ አለቀ ብሎ ያጨበጭባል፤ ሠሪው ግን በዚህን ጊዜ ትንፋሹን ይዟል። ሮኬቱ ወደ ጫፉ ደርሶ ሲዘገይ፣ በሆዱ ያለው የከፍታ መለኪያ ይህን ዐውቆ ጥቂት ባሩድ ይለኵሳል፤ አካሉ ለሁለት ተከፍሎ ትንሽዋ ጥላ ትወጣለች። ትልቁ ጥላ ወዲያው የማይዘረጋበት ምክንያት አለው። ሮኬቱ በ3,000 ሜትር ላይ ትልቁን ጥላ ቢዘረጋና በሰከንድ 5 ሜትር ቢወርድ ለመውረድ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስም በዚያ ጊዜ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር ያሻግረዋል። ስለዚህ በትንሽዋ ጥላ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ወደ ምድር ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረው ትልቁ ተዘርግቶ በዝግታ ያሳርፈዋል። ጥላው ካልወጣ ግን ያ ሾጣጣ ነገር እንደ ጦር ይመለሳል፤ ከበታቹም ማን እንዳለ አይጠይቅም።

እንግዲህ መርማሪው ደረጃውን ለሠሪው የሚሰጠው ሮኬቱ ከፍ ስላለ አይደለም። ሮኬቱ ተገኝቶ፣ ከፊቱ ቀርቦ፣ ቀፎው ሳይሰነጠቅ፣ ክንፉ ሳይነቀል፣ ዳግመኛ ለመብረር የሚበቃ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ነው። ወደ ደመና የገባና ተሰባብሮ የተመለሰ ሮኬት በፈተናው ወድቋል፤ በመጠነኛ ከፍታ ወጥቶ በደኅና የተመለሰው ግን አልፏል። ይህ ሕግ በቅኔ ቤት ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ተማሪው በመጀመሪያው ቤት እጅግ የረቀቀ አሳብ ቢያነሣ፣ ቃሉም ጆሮ ቢያስደስት፣ በመጨረሻው ቤት ካልመታለት መምህሩ ተበላሽቷል ብለው ይመልሱታል። ማንሣትን ብዙዎች ይችሉታልና፤ መምህሩ የሚጠብቁት የተነሣውን ነገር በልኩ ማሳረፉን ነው።

ይህን መንገድ ታናሽ አገርም እንደ ሞከረችው የሊባኖስ ታሪክ ይመሰክራል። በቤይሩት በሃይጋዚያን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ማኑግ ማኑጊያን በ1960 ከተማሪዎቹ ጋር የሮኬት ማኅበር አቋቋመ። መጀመሪያ የሠሯቸው ትንንሾቹ ከሜዳው ብዙ አልራቁም፤ በ1963 የተወነጨፈው አራተኛው ሴዳር ግን ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ወጣ ይነገራል፤ መንግሥቱም ሥዕሉን በፖስታ ቴምብር ላይ አሳተመ። ይሁን እንጂ ሮኬቱ ከፍ ባለ ቍጥር የጦር ሰዎች ዓይን እየበዛበት ሄደ። መምህሩ ሥራው ለትምህርት እንጂ ለመሣሪያ እንዳይሆን ይፈልግ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉም በኋላ ነገሩ ሁሉ ቆመ። ያ አንድ ነገር ወደ ሁለት መንገድ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ኢትዮጵያም በበኩሏ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አገር በቻይና ሮኬት ወደ ጠፈር ላከች፤ በዚያ ጧት በእንጦጦ የተሰበሰቡት ሰዎች በስክሪን ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲልም በቦንጋ ተወልዶ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማረው ዶክተር ቅጣው እጅጉ በአሜሪካ የጠፈር መሐንዲስ ሆኖ የአገሩን ስም አስጠርቷል። ጭነቱ የራስ፣ አጋሰሱ የጐረቤት መሆኑ ለጊዜው አያሳፍርም፤ ጐረቤት ሁልጊዜ እንደማያውስ ዐውቆ ልጆችን ማስተማር ግን የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ትምህርቱም በሆሞሻ ሊጀመር የማይችልበት ምክንያት የለም፤ የሚጀመርበትን በር ግን መምረጥ ያስፈልጋል። በሆሞሻ ወረዳ የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከሱዳን ጦርነት የሸሹትን ሲያስጠልል ኖሯል፤ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ዳግመኛ ጦርነት ሲነሣም ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አገር ገብቷል። ከሰማይ የሚመጣ ፉጨት ለእነዚህ ሰዎች ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። እናት ልጇን ይዛ መሬት ላይ የምትወድቅበትን ድምፅ፣ ሌላው ለደስታው ብሎ በሜዳ ላይ ሊያሰማው አይገባም። ደግሞም በበጋ የሆሞሻ ሣር ደርቆ ክብሪት ይጠብቃል፤ የቤቱም ክዳን ሣር፣ ግድግዳውም ሽመል ነው። ባሩድን በጓዳ የሚቀምም ልጅ ጣቱን ወይም ዓይኑን ያጣል፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ መያዙም ክልክል ነው።

ነገር ግን እሳት የሌለበት ሮኬት አለ። የለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን ውሃ ሞልቶ፣ አፉን በውታፍ ገጥሞ፣ በብስክሌት መንፊያ አየር የሚሞላው መምህር የኒውተንን ሕግ ያለ ክብሪት ለተማሪዎቹ ያሳያል። አየሩ ውሃውን ወደ ታች ይገፋል፤ ውሃው ጠርሙሱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ጠርሙሱም ብዙ አሥር ሜትር ይወጣል። ያረጀና የተጫረ ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል አዲስ ይመረጣል፤ ልጆቹም ርቀው በገመድ ይለቁታል። መንገዱንም እንዲይዝ ከራሱ ላይ ጥቂት ጭቃ፣ ከኋላው ክንፍ ወይም ረጅም የሽመል ስንጥቅ ይታሰርለታል። ጥንት በቻይናና በማይሶር ቀርከሃ የሠራውን ሥራ፣ ጠጣሩ የሆሞሻ ሽመል በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይሠራዋል። ተማሪውም ሮኬቱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ከመልቀቁ በፊት ሊያውቅ ቢፈልግ፣ በሚዛኑ ላይ ገመድ አስሮ በራሱ ዙሪያ ያዙረው፤ አፍንጫው ወደ ፊት ከሄደ ደኅና ነው፤ ወደ ኋላ ከዞረ ገና ነው።

መምህሩም አስቀድሞ ለመንደሩ ሽማግሌዎችና ከሱዳን ለመጡት እንግዶች ቀኑንና ሰዓቱን ይንገራቸው፤ ቢቻልም ልጆቻቸውን ይጥራ። ከዚያም ተማሪዎቹን የከፍታ ውድድር ከማስያዝ ይልቅ ሌላ ፈተና ይስጣቸው። ከላስቲክ ከረጢት ጥላ ሠርተው፣ ጠርሙሱን አውጥተው፣ ሳይሰበር ከተሰመረው ክብ ውስጥ እንዲያሳርፉት ይዘዛቸው። ማን ከፍ አደረገ ተብሎ ከመጠየቁ በፊት ማን መለሰ ተብሎ ይጠየቅ። በጦርነት ምክንያት ሰማዩን መፍራት የተማረ ልጅ፣ ከዚያ ሰማይ የራሱ እጅ የሠራው ነገር በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲወርድ ያያል። ሮጦም ያነሣዋል፤ የሽመሉን ጅራት ጐንበስ ብሎ ይመረምራል፤ ካልተሰነጠቀም ጓደኛውን ውሃ እንዲያመጣ ይልከዋል።